በውኃ የተቃኘ ማሰሮ

ወጣቱ ማሰሮውን አነሣና በጣቱ አንጓ መታ አደረገው፤ ጆሮውን አስጠግቶ ጥቂት ቆየ፤ ከዚያ መልሶ አስቀመጠው። ቀጥሎ ያለውንም እንዲሁ አደረገ። ሰባተኛው ላይ ሲደርስ የጸሐይነሽ ትዕግሥት አለቀ።

«ወንድሜ፣ የተሰነጠቀ ዕቃ የለንም» አለችው። «የምትገዛ ከሆነ ግዛ፤ ካልሆነ ሁሉንም አትነካካብን።»

«ስንጥቅ መች ፈለግሁ?»

«ማሰሮ የሚያንኳኳ ሰው ስንጥቅ ካልፈለገ ምን ይፈልጋል? ወይስ ውስጡ ሰው ያለ መስሎህ ነው?»

«ድምፁን ነው የፈለግሁት።»

«ድምፁን ለብቻው አንሸጥም።»

ወጣቱ ሳቀ። ሳቁ ንቀት መሰላት። በወረታ የቅዳሜ ገበያ ሸክላ ሠሪ የሚቀመጠው ከከብት ተራው በታች፣ አቧራው በሚወርድበት ጥግ፣ ከሰው ተለይቶ ነው። ገዢ ወደዚያ የሚወርደው ዕቃ ሲቸግረው ብቻ ነው፤ ሲወርድም ዐይን ለዐይን ላለመጋጠም አቀርቅሮ ነው። ልጅ ያዘለች ሴትማ የልጇን ፊት በነጠላዋ ሸፍና ነው ዋጋ የምትጠይቀው፤ የሸክላ ሠሪ ዐይን ሰው ይበላል ይባላልና። ይህ ሱሪ የለበሰ፣ ጫማ ያደረገ ልጅ ግን ፊት ለፊቷ ቁጢጥ ብሎ ዐይን ዐይኗን እያየ ይስቃል። እንዲህ የሚያደርግ ሰው ወይ አገሩን የማያውቅ እንግዳ ነው፣ ወይ ሊያዋርድ የመጣ ነው።

እናቷ ይርገዱ ከሌላ ገዢ ጋር ትከራከር ከነበረችበት ዞር ስትል ልጁን አየችው። መቀነቷን አጥብቃ ብድግ አለችና እጅ ነሣች።

«ይቅር ይበሏት ጌታዬ። ከተማ አድጋ ነው፤ ሰው አታውቅም።»

«ምን አጠፋች? ያስቸገርኳት እኔ ነኝ» አለ ልጁ። ተነሥቶ ሱሪውን አራገፈ፤ ሰባተኛውን ማሰሮ ገዝቶ በብብቱ ይዞ ሄደ። ከላይ የተቀመጠች ጨው ሻጭ ይህን አይታ፣ «የባላምባራስ በላቸው ልጅ አዲስ አበባ ድረስ ሄዶ ማሰሮ መሸከም ተምሮ መጣ» ብላ ጎረቤቷን አሳቀች።

ጸሐይነሽ ማንነቱ የገባት ያን ጊዜ ነው። ባላምባራስ በላቸው ጎጇቸው የተተከለበትም፣ የሸክላው አፈር የሚቆፈርበትም መሬት ባለቤት ናቸው።

«አፍሽ ቀድሞሽ ይሄዳል» አለቻት እናቷ ዕቃውን እያስተካከለች። «አፈሩን ቢከለክሉን ምኑን ጠፍጥፈን ልንበላ ነው? እንግሊዝኛሽን?»

ጸሐይነሽ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍልን የጨረሰችው ጎንደር፣ አክስቷ ዘንድ ሆና ነበር። በሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ ሰባት ዓመተ ምሕረት ክረምት ማለፏን የሚገልጽ ወረቀት ደረሳት፤ ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚላከው የማመልከቻ ቅጽም አብሮ ደረሳት። አልሞላችውም። ቅጹ የወላጅን ሥራ የሚጠይቅ መስመር ነበረው። ስድስት ዓመት ሙሉ ለትምህርት ቤት ጓደኞቿ «እናቴ ፎገራ ላይ ከብት ታረባለች» ስትል ኖራለች። ያን ውሸት በአፏ ለምዳዋለች፤ በቀለም መጻፉ ግን ፈራች። እውነቱን መጻፍ ደግሞ የባሰ አስፈራት። ቅጹን አጥፋ ከእናቷ ሣጥን ሥር አኖረችና ወደ ጭቃው ተመለሰች። ዓመቱም በዚያው አለፈ።

ጭቃው የሚሰጣት አንድ ነገር ነበረ። ሸክላ ከእሳት ሲወጣ ሠሪው በጣቱ መትቶ ያዳምጠዋል፤ ደኅናው ይጮኻል፣ የተሰነጠቀው ይታፈናል። ጸሐይነሽ ከልጅነቷ ጀምራ ይህን ስታደርግ ከስንጥቁ ሌላ ነገር መስማት ለምዳለች። አንዱ ቀጭን፣ አንዱ ወፍራም ነው፤ ሲከታተሉ ዜማ ሊሆኑ ትንሽ የቀራቸው ይመስላሉ። ይህን ለሰው ነግራ አታውቅም። ምን ተብሎ ይነገራል?

በሳምንቱ ልጁ ተመልሶ መጣ። ከቅርጫት ውስጥ አምስት ማሰሮ አውጥቶ መሬት ላይ ደረደረና ጫፉ በጨርቅ በተጠቀለለ እንጨት መታቸው። አራቱ ከትዝታ ቅኝት አልወጡም። አምስተኛው፣ ከእሷ የገዛው፣ ሳተ።

«ሰምተሻል?» አላት። «ይቀጥናል። እስከ ደብረ ታቦር ያለውን ገበያ ሁሉ ዞሬያለሁ። ሰዉ አብዷል ይለኛል፤ አንች ደግሞ ስንጥቅ ፈላጊ አልሽኝ።»

ጸሐይነሽ ወደ ማሰሮው ጎንበስ አለች። እናቷ አለማየቷን አረጋገጠችና ከመጠጫ ቅሏ ውኃ አምስተኛው ማሰሮ ውስጥ ጠብ ጠብ አደረገች። በጣቷ መታችው። ጨመረችና ደግማ መታችው። ድምፁ እየወፈረ ሄደ፤ አንድ ቦታ ሲደርስ እጇን ሰበሰበች።

«አሁን ምታው።»

መታው። ከዚያ አምስቱንም በተራ መታቸው። አምስተኛውም ከአራቱ ጋር ገጠመ።

«ውኃ» አለ ልጁ። «ያን ሁሉ ገበያ የዞርኩት በውኃ እጦት ነው?»

«የባላምባራስ ልጅ ውኃ ቀድቶ ያውቃል? በምን ታውቀዋለህ?»

ስሙ ያየህ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ሦስት ዓመት ተምሮ፣ ተማሪ ሁሉ ለአንድ ዓመት በክፍለ ሀገር እንዲያገለግል በወጣው ደንብ መሠረት ወረታ ትምህርት ቤት ያስተምራል። ከጥር እስከ ሚያዝያ፣ ከትምህርት ሲወጣ፣ አፈሩ ከሚቆፈርበት ጉድጓድ በኩል ማለፍ ለመደ። መጀመሪያ ለማሰሮ ነው የመጣው፤ ኋላ ግን ማሰሮውን ረስቶ መጥቶ ሲያፍር ታየ። ከጎጆው ጀርባ ይቀመጡና ይርገዱን መካከላቸው አስቀምጠው ይመታሉ፤ እሷ ውኃውን ትቃኛለች፣ እሱ ዜማውን ያወጣል፤ አንዳንዴም ይቀያየራሉ። ይርገዱ ነገሩን አልወደደችውም። «ይህ ልጅ አንድ ቀን ወደ ቤቱ ይገባል፤ እኛ ግን የምንገባበት ሌላ ቤት የለንም» ትል ነበር፤ እሱ ባለበት እንኳ ትለዋለች።

አንድ ቀን ይርገዱ እሳቱን ልታይ ስትነሣ ያየህ፣ «እጅሽን ላየው» አላት።

«ጭቃ ነው።»

«አውቃለሁ።»

ዘረጋችለት። አልነካውም፤ አየው ብቻ። ጸሐይነሽ ሌላው ሰው ሁሉ የሚሸሸውን ዐይኗን ቀና አድርጋ አየችው፤ እሱም አልሸሸም። ከዚያ ወዲህ ያየህ ያልመጣበት ቀን ይረዝምባት ጀመር።

ሚያዝያ ላይ አዲስ ቅጽ አስልኮ አመጣላት። በእንግሊዝኛ የተዘጋጀ፣ ባለ አራት ገጽ ነበር። አንድ ቀን ሙሉ ሞላችና ሁለት መስመር ባዶ ተወች።

«ትርፍ ጊዜ የሚለው ላይ ምን ልትጽፊ ነው?» አላት።

«ንባብና መርፌ ሥራ።»

«መርፌ ይዘሽ ታውቂያለሽ?»

«እሾህ ለማውጣት።»

«የሴት ልጅ ቅጽ ሁሉ ንባብና መርፌ ሥራ ነው። ይህን ጻፊ» ብሎ ማሰሮዎቹን አሳያት።

«ክራር አይደለ፣ በገና አይደለ። ድስት ትመታለች ነው የሚሉኝ።»

«ይበሉ።»

«ይህን ከጻፍኩ የወላጅ ሥራንም መጻፌ ነው።»

«ነው» አለ ያየህ። ጨመረበትም፦ «እኔ ብሆን እጽፈው ነበር።»

ጻፈችው። በወላጅ ሥራ ፊት «ሸክላ ሠሪ» አለች። በትርፍ ጊዜው መስመር ደግሞ «ማሰሮዎችን በውኃ እየቃኘሁ ከጓደኛዬ ጋር እመታለሁ» የሚል በእንግሊዝኛ አሰፈረች። ቀለሙ እስኪደርቅ ድረስ ወረቀቱን በሁለት እጇ ይዛ ተቀመጠች። ከስድስት ዓመት በኋላ የመጀመሪያዋ እውነት ነበረች።

የቀረው አንድ ነገር ነው። በመጨረሻው ገጽ ላይ የአካባቢው ሹም የአመልካቹን መልካም ጠባይ መስክሮ ማኅተም ይመታል። ያለዚያ ቅጹ አይላክም፤ ጊዜውም ሰኔ ሲያልቅ ያልቃል።

ሹሙ አቶ ገሰሰ ከሌላ አገር የተሾሙ፣ ሳቅ የማያውቁ ሰው ነበሩ። ጸሐይነሽ በግንቦት መጨረሻ ወደ ጽሕፈት ቤታቸው ስትገባ ባላምባራስ በላቸው ለመሬት ጉዳይ መጥተው ከወንበር ተቀምጠዋል፤ ያየህ ሰነዳቸውን ይዞ ከኋላቸው ቆሟል። ባላምባራስ ሲያዩዋት ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መለሱ።

«ከፊቴ ዘወር በይ። ሸክላ ሠሪ ፊት ለፊት አይቆምም።»

ወደ ጥግ ሄደች። አቶ ገሰሰ ቅጹን አገላብጠው አዩት።

«የማላነበው ቋንቋ ላይ ማኅተም አልመታም። አንተ ተማሪው፣ ና አንብብልኝ።»

ጸሐይነሽ ደስ አላት። ጽሑፏን ከሚያውቀው ሰው እጅ ገባ ብላ ነው። ያየህ ስሟን አነበበ፤ ዕድሜዋን አነበበ፤ ውጤቷን አነበበ። አቶ ገሰሰ ውጤቷን ሲሰሙ ቅንድባቸውን አነሡ።

«የወላጅ ሥራ፦ ገበሬ» አለ ያየህ።

ጸሐይነሽ በትክክል የሰማች አልመስላት አለ።

«ትርፍ ጊዜ፦ ንባብና መርፌ ሥራ።»

«እንዲያ አይልም» አለች ጸሐይነሽ።

የቤቱ ሰው ሁሉ ወደ ጥጉ ዞረ።

«ምን አልሽ?»

«‹ገበሬ› አይልም ጌታዬ። ‹ሸክላ ሠሪ› ነው የሚለው። ቀጥሎ ያለውም ‹ማሰሮ በውኃ እየቃኘሁ እመታለሁ› ነው። የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

ባላምባራስ ሳቁ። «ማሰሮ ይመታል? ከመቼ ወዲህ? ያየህ፣ ምን ይላል?»

ያየህ ወረቀቱን እንደገና አየ። ጸሐይነሽ ጣቱን አየችው፤ መስመሩ ላይ ነበር።

«መርፌ ሥራ ነው የሚለው» አለ።

አቶ ገሰሰ ቅጹን ከእጁ ወስደው ወደ ጠረጴዛው ጫፍ ገፉት። «ይህ ወረቀት ስለ ጠባይሽ መስክር ይለኛል። በፊቴ የባላምባራስን ልጅ ሐሰተኛ የምታደርግ፣ ለዚያውም የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ጠባይዋ መልካም ነው ብዬ አልመሰክርም። ውሰጅው።»

ያየህ ከግቢው ውጭ፣ ከባሕር ዛፉ ሥር ደረሰባት።

«ጸሐይ፣ ለአንች ብዬ ነው። አባቴ ባሉበት ያን ባነብ ኖሮ ቀደው ይጥሉት ነበር።»

«ማኅተሙ ያለው አቶ ገሰሰ ዘንድ ነው፤ አባትህ ዘንድ አይደለም።»

«አባቴን አታውቂያቸውም።»

«የመጀመሪያውን ውሸት ለእኔ ብለህ ይሆናል» አለች። ድምፅዋ ከፍ አላለም። «ሁለተኛውን ለማን ብለህ ነው?»

ያየህ ወደ ጽሕፈት ቤቱ በር ዞር ብሎ አየ።

«‹እኔ ብሆን እጽፈው ነበር› ብለኸኝ ነበር። መጻፉስ ይቅር። እኔ የጻፍኩትን ማንበብ አቃተህ።»

በማግሥቱ የባላምባራስ ሰዎች የአፈሩን ጉድጓድ በእሾህ አጠሩት። «ልጄን በሹም ፊት ያዋረደችው ልጅ እናት ከመሬቴ ጭቃ አታነሣም» ብለዋል ባላምባራስ ተባለ። የታጠረው ግን በይርገዱ ላይ ብቻ አይደለም፤ ስምንት ቤት ሸክላ ሠሪ ከዚያ ጉድጓድ ይኖራል። ጎረቤታቸው ስንዱ ደጃፋቸው ላይ ቆማ፣ «ለአንዲት ልጅ ወረቀት ስምንት ቤት ይራብ?» አለች። «መርፌ ሥራ ቢባል ምን ነበረበት? መርፌው ወጋሽ?» የዕለቱን እሳት ሊጭር የሚመጣ ጎረቤትም ከይርገዱ ቤት ቀረ። ይርገዱ አንድ ቃል አልተናገረቻትም። ልጇ ያን ዝምታ ከስንዱ ስድብ ይልቅ ፈራችው።

ሁለት ቅዳሜ አለፈ። ያየህ ወደ ገበያ አልወረደም። ከዚያ ወሬ መጣ፦ የባላምባራስ ልጅ እህል አይቀምስም፣ ከሰው አይነጋገርም፣ ከስቶ ሱሪው አልቆም ብሎታል። እናቱ እመት ማናዬ ከመኝታው ሥር የተደረደሩ አምስት ማሰሮዎች አግኝተው ጮኹ። ነገሩ ለሁሉም ግልጽ ሆነ። ልጁ ተበልቷል። የበላችውም ትታወቃለች። ወደ ጣራ ገዳም ጠበል ወሰዱት።

በዚያ አገር የተበላ ሰው ጠበል ሲነካው የበላውን ስም ይለፈልፋል። ያየህ ግን ሦስት ቀን ተጠምቆ አልለፈለፈም። እንዲህ ሲሆን በላችው የተባለችው ትመጣና እንትፍ እንትፍ ትልበታለች፤ ያን ጊዜ ይለቀዋል። እመት ማናዬ በአራተኛው ቀን ዱላ የያዙ ሁለት ዘመዶቻቸውን አስከትለው ይርገዱ ደጅ ላይ ቆሙ።

«ልጅሽ ልጄን በልታዋለች። መጥታ ትትፋበት።»

ይርገዱ መሬት ላይ ወደቀች። «እመቤቴ፣ ልጄ ሰው አትበላም። እኔም አልበላሁም፣ እናቴም አልበላችም። ጭቃ ነው የምንበላው።»

«ካልመጣች ቤቱን እናቃጥለዋለን» አለ አንዱ።

«እሄዳለሁ» አለች ጸሐይነሽ ነጠላዋን እያነሣች። እናቷ ልብሷን ይዛ ልታስቀራት ሞከረች። ጸሐይነሽ ያን ቀን የተነሣችው በፍቅር አልነበረም፣ በፍርሃትም አልነበረም። ያየህ ሦስተኛ ጊዜ ይዋሽ እንደሆነ በዐይኗ ልታይ ነው።

ወደ አዲስ ዘመን ከተማ በወሰዳቸው የጭነት መኪና ላይ ማንም ከአጠገቧ አልተቀመጠም። ከመኪናው ወርደው ዳገቱን በደኑ መካከል ሲወጡም እመት ማናዬ ከፊት፣ ሰዎቹ ከኋላ፣ እሷ ብቻዋን ከመሐል ነበረች። ጠበሉ ዘንድ ሲደርሱ ሰው ተሰብስቦ ቆይቷቸዋል። ያየህ እርጥብ ጋቢ ለብሶ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ጉንጩ ጎድሏል። ሲያያት ዐይኑን ወደ መሬት ጣለ። እስከዚያ ቀን እሱ ብቻ ነበረ ከዐይኗ የማይሸሽ።

«ትፊበት» አሉ እመት ማናዬ።

«አልተፋበትም።»

ሰዉ አጉረመረመ። አንዲት ሴት የልጇን ፊት ሸፈነች፤ ከኋላ ያለ አንድ ጎልማሳ ድንጋይ አነሣ።

«ያልበላሁትን ምን ብዬ እተፋለሁ?» አለች። «የበላውን እሱ ያውቃል። እሱን ጠይቁት።»

አጥማቂው መምሬ ካሴ ያረጁ፣ ጥርሳቸው የረገፈ ቄስ ነበሩ። እጃቸውን አንሥተው ሰዉን ዝም አሰኙ። «እውነቷን ነው፤ ደንቡ መጠየቅ ነው። አንተ ድንጋይህን አስቀምጥ፤ እዚህ የሚጠመቅ እንጂ የሚወገር የለም።» መስቀላቸውን በያየህ ራስ ላይ አኖሩ። «ልጄ፣ የበላህ ማን ነው? ተናገር።»

ያየህ እርጥብ ጋቢውን ሰብሰብ አደረገ። ውኃው ከጸጉሩ ይንጠባጠባል። ጸሐይነሽ መልሱን የምታውቅ መሰላት፤ ለመሄድም ነጠላዋን ሰበሰበች።

«ውሸቴ ነው» አለ።

«ጮክ በል፤ ጆሮዬ ደክሟል።»

«የበላኝ ውሸቴ ነው አባቴ።» አሁን ቀና ብሎ ነበር የሚናገረው። «ወረቀቷ ላይ ሸክላ ሠሪ ነኝ ብላ ጽፋለች። ማሰሮ በውኃ እቃኛለሁ ብላ ጽፋለች። ጻፊው ያልኳት እኔ ነኝ። አባቴ ፊት ስደርስ ፈራሁና መርፌ ሥራ ብዬ አነበብኩ። ሁለት ጊዜ። እሷን ሐሰተኛ አስባልኳት፣ የእናቷን አፈር አሳጠርኩ። ‹ከጓደኛዬ ጋር› የሚለውም እኔ ነኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ እህል በጉሮሮዬ አልወርድ አለኝ። ሌላ የበላኝ የለም።»

«እሷ ናት በአፉ የምትናገረው» ብለው እመት ማናዬ ደረታቸውን መቱ።

መምሬ ካሴ መስቀሉን ከራሱ ላይ አነሡ። «እመት ማናዬ፣ ሠላሳ ዓመት አጥምቄያለሁ። በላሁ ብሎ የሚጮኽ ሰምቻለሁ፣ አልበላሁም የሚልም ሰምቻለሁ። ‹ጥፋቱ የእኔ ነው› ያለ ግን ዛሬ ገና ሰማሁ። ይህ ቡዳ አይደለም፣ ንስሐ ነው። ልጅዎ ጠበል አይፈልግም፤ እግር ነው የሚፈልገው። ወደ ዋሸበት ቤት ይሂድ። መጀመሪያ ግን ያብሉት።»

ከሁለት ቀን በኋላ ያየህና ጸሐይነሽ ወደ አቶ ገሰሰ ጽሕፈት ቤት ገቡ። ባላምባራስ ወሬውን ሰምተው ቀድመዋቸው ተቀምጠዋል። ጸሐይነሽ ቅጹን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። በዚያች ቤት ውስጥ የሚወዳት ፊት አልነበረም፤ ያየህን እንኳ ገና ምን እንደምትለው አታውቅም።

«ይህን ካነበብክ ደጄን አትረግጥም» አሉ ባላምባራስ። «ስሜንም አትጠራም።»

«አውቃለሁ አባባ» አለ ያየህ። አነበበውም። «የወላጅ ሥራ፦ ሸክላ ሠሪ። ትርፍ ጊዜ፦ ማሰሮዎችን በውኃ እየቃኘሁ ከጓደኛዬ ጋር እመታለሁ። ባለፈው ሌላ ያነበብኩት ዋሽቼ ነው።»

ባላምባራስ ተነሥተው ሳይሰናበቱ ወጡ።

አቶ ገሰሰ ረጅም ጊዜ ወረቀቱን እንጂ እሷን አላዩም። «እኔ ሸክላ ሠሪ አልወድም» አሉ። «አንችንም አልወደድኩሽ፤ አፍሽ ረጅም ነው። የተጠየቅሁት ግን ስለ መውደዴ አይደለም። ያን ቀን በዚህ ቤት ለመዋሸት ከአንች የበለጠ ምክንያት ያለው ሰው አልነበረም፤ አንች ግን አልዋሸሽም።» ማኅተሙን ከመሳቢያው አወጡ፣ እፍ አሉበትና መቱት። «በሉ ውጡ፤ ሥራ አለብኝ።»

ከባሕር ዛፉ ሥር ያየህ ቆመ።

«ይቅር አልሽኝ?»

«ገና ነው።»

«መቼ ይሆናል?»

ጸሐይነሽ ቅጹን በነጠላዋ ጫፍ ጠቀለለች። «ማሰሮ ሲቃኝ ውኃው በአንድ ጊዜ አይገለበጥም» አለችና ወደ ፖስታ ቤቱ ሄደች። እሱም ጥቂት ራቅ ብሎ ተከተላት። አልመለሰችውም።

የአፈሩ ጉድጓድ ታጥሮ ቀረ። ይርገዱና ጎረቤቶቿ የዚያን ዓመት ጭቃ ከጉማራ ወንዝ ዳር፣ የግማሽ ቀን መንገድ፣ በጀርባቸው እየተሸከሙ አመጡ። ስንዱ ከዚያ ወዲያ ከይርገዱ ጋር የተነጋገረችው ሸክሙን ስትጋራት ብቻ ነው። የዩኒቨርሲቲው መልስ በነሐሴ መጣ፤ ተቀብለዋታል። ያየህም የአገልግሎት ዓመቱን ጨርሶ ነበርና በመስከረም ሁለቱም ከወረታ መንታ መንገድ በአንድ የጭነት መኪና ተሳፈሩ፤ እሷ ከፊት ከሾፌሩ አጠገብ፣ እሱ ከኋላ፣ ማሰሮዎቹን በገለባ ጠቅልሎ። ዓባይ በረሃ ላይ መኪናው ሲንገጫገጭ አምስተኛው፣ የገበያው ማሰሮ፣ ተሰበረ። በረሃውን ወጥተው ሲቆሙ ወርዶ ነገራት። ከሁለት ቀን ዝምታ በኋላ «ስንጥቅህን አገኘህ» ብላ የሳቀችው ያን ጊዜ ነው።

ከዚያ በአራተኛው ዓመት ጥር ላይ አዲስ አበባ ውስጥ ተጋቡ። ይርገዱ አዲስ ነጠላ ለብሳ መጥታ ከፊት ተቀመጠች። ባላምባራስ በላቸው አልመጡም። እመት ማናዬም አልመጡም፤ በመንገደኛ እጅ ግን አንድ ማሰሮ ቅቤ ላኩ። ጸሐይነሽ ማሰሮውን ስታየው የእናቷ እጅ ሥራ መሆኑን አወቀች። ቅቤውን ወደ ሌላ ዕቃ ገለበጠች፤ ማሰሮውን በሙቅ ውኃ አጠበችና ከቀሩት አራቱ ማሰሮዎች ጎን፣ በተሰበረው ቦታ፣ አስቀምጣ ውኃ ጠብ ጠብ ታደርግበት ጀመር።